በቋሚ ኮሚቴው ፊት የቀረበ የዩኒቨርሲቲ በጀት፦ ከሒሳብ ክፍል ያየሁት

የምሠራበትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስና በጀት ክፍል ወክዬ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በጠራው ይፋዊ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተቀመጥሁበት ዕለት፣ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥተን ባዘጋጀነው ምላሽ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ። አንዲት የምክር ቤቱ አባል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ «ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ድጋፍ ብላችሁ በያዛችሁት ገንዘብ በዓመቱ ስንት ተማሪ ምን አገኘ?» ሲሉ ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱ ወደ ምክትላቸው፣ ምክትላቸው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ያን ሁሉ ገጽ ማገላበጥ ጀመርሁ። የበጀት አጠቃቀማችን 98 በመቶ መሆኑን በቃሌ አውቀው ነበር። የተማሪዎቹ ቁጥር ግን በየትኛውም ገጽ ላይ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በዋናነት እንደ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርተው ለሚሄዱ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የበጀት ባለሙያዎች ነው። የተማሪ ኅብረት ተወካዮችና የኦዲት ዜና የሚዘግቡ ጋዜጠኞችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ሰነዱ ራሱ መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላል።

ነገሩ ወደ ምክር ቤቱ የሚደርሰው በዋና ኦዲተር በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ የመመርመርና ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማቅረብ ኃላፊነት ለዋና ኦዲተር ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 55 ደግሞ በጀቱን የሚያጸድቀውም፣ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የሚጠይቀውም ያው ምክር ቤት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የፌዴራል ባለ በጀት መሥሪያ ቤቶች ስለሆኑ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ይወድቃሉ። የሚመጣው ኦዲት ሁለት ዓይነት ነው። የፋይናንሻልና ሕጋዊነት ኦዲቱ ገንዘቡ በተፈቀደለት ርዕስ፣ በሕጉ መሠረትና በተሟላ ማስረጃ ወጥቶ እንደሆነ ያያል፤ የክዋኔ ኦዲቱ ደግሞ የወጣው ገንዘብ የታለመለትን ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ይመረምራል። ለተማሪዎች ተደራሽነት የተያዘ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ በሁለተኛው ይወድቃል፤ የእኛም ታሪክ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ስብሰባውን እንደ ፍርድ ቤት ይፈራዋል። ኮሚቴው አይቀጣም፣ አያስርም። ሆኖም የኦዲት ግኝቱን አንድ በአንድ ያነብባል፣ ኃላፊዎች በአደባባይ እንዲያስረዱ ያደርጋል፣ የማስተካከያ የድርጊት መርሐ ግብር በቀነ ገደብ ያዝዛል፣ ጉዳዩ ከአስተዳደራዊ ጉድለት ያለፈ ሲሆንም ወደሚመለከታቸው የፍትሕ አካላት እንዲተላለፍ ያሳስባል። የዋና ኦዲተር ባለሙያዎችና የተቆጣጣሪ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ ለኮሚቴው የምትናገረው ሁሉ ወዲያው ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። አድበስብሶ መናገር የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ሽንፈት የጀመረው ግን አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ከወራት በፊት በኦዲት መውጫ ስብሰባ ላይ ነበር። ኦዲተሮች ሥራቸውን ሲጨርሱ የግኝቱን ረቂቅ ይዘው ከሥራ ኃላፊዎች ጋር ይቀመጣሉ፤ ማስረጃ ያለህ ከሆነ የምታቀርብበት ጊዜም ያኔ ነው። እኛ ያን ቀን እንደ ተራ የስንብት ሥነ ሥርዓት ቆጥረነው ነበር። ማስረጃ ያልቀረበባቸው ተብለው ከተመዘገቡት ወጪዎች መካከል ቢያንስ ሁለቱ ሰነዳቸው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የዓመት ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ በቆለፈው ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንም ቁልፉን አልፈለገም። ግኝቱ ታትሞ ምክር ቤት ከደረሰ በኋላ ያንኑ ሰነድ ይዤ ስቀርብ፣ «በጊዜው ለምን አልቀረበም?» ከሚለው ጥያቄ ያመለጥሁበት መንገድ አልነበረም፤ መልስም አልነበረኝም። ስለዚህ ለአዲስ ባልደረባ የምሰጠው ቀዳሚ ምክር፣ ለምክር ቤቱ መዘጋጀት የሚጀመረው ጥሪው በደረሰ ቀን ሳይሆን የመውጫ ስብሰባው ቀን በተቆረጠ ዕለት መሆኑን ነው።

ከዚያ ምላሹን ጻፍሁ። «ለወደፊቱ ይታረማል» የሚለውን ሐረግ ሰባት ቦታ ተጠቅሜበታለሁ፤ ቆይቼ ቆጥሬዋለሁ። በክፍላችን ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንጋፋ የሒሳብ ሹም ረቂቁን አንብበው በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ጻፉበት፦ «ማን፣ መቼ፣ በምን ሰነድ?» እኔም ጊዜ የለንም ብዬ አለፍሁት። በአዳራሹ ውስጥ የኮሚቴው ሰብሳቢ የጠየቁት በትክክል ያንኑ ሲሆን፣ የጋሼን የእርሳስ ጽሕፈት እያየሁ በላብ ተጠመቅሁ። አሁን ምላሽ ስጽፍ ለእያንዳንዱ ግኝት የሚያርመውን ሰው የሥራ መደብ፣ የሚታረምበትን ቀንና መታረሙ የሚረጋገጥበትን ሰነድ ሳላስቀምጥ ወደሚቀጥለው አልሄድም። ስህተቱ እውነት ከሆነ ደግሞ እውነት ነው ብሎ መጀመር ይቀላል፤ ኦዲተሩ ሲያብራራ ከመታረም ቀድሞ ማመን ይሻላል።

ወደ ምክር ቤት አባሏ ጥያቄ ልመለስ። ያን ዓመት የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች 40 የድምፅ መቅጃ እንዲገዛለት የጠየቀው በኅዳር ወር ነው። ጥያቄው ከዕቃው ዝርዝር መግለጫ ጋር ባለመቅረቡ ተመለሰ። መግለጫው ተሟልቶ ሲመጣ ጥር ገብቶ ነበር፤ ጨረታው ሲወጣም ተወዳዳሪ በመጥፋቱ በድጋሚ ወጣ። ዕቃው መጋዘን የገባው ሰኔ 22 ቀን ነው። ንብረት ክፍሉ በዚያው ዕለት ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ቆረጠ፤ እኛም በጀቱ በሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ 27 ከፈልን። ተማሪዎቹ ግን የዓመቱን ፈተና ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ዕቃው ለተጠቃሚው ክፍል የወጣበት ሞዴል 22 የተቆረጠው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲሆን፣ ከጠየቁት ተማሪዎች መካከል የመጨረሻ ዓመት የነበሩት በዚያን ጊዜ ተመርቀዋል።

ከሒሳብ አንጻር ይህ ግዥ እንከን አልነበረውም። የግዥ ሥርዓቱ ተጠብቋል፣ ሰነዱ ተሟልቷል፣ ገንዘቡ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ወጥቷል፤ እኔም በአጠቃቀም ሪፖርቴ ውስጥ እንደ ስኬት ቆጥሬዋለሁ። ያ 98 በመቶ የሚባለው ቁጥር የተገነባው እንዲህ ባሉ ክፍያዎች ነበር። የበጀት አጠቃቀም መቶኛ ገንዘቡ ከካዝና መውጣቱን እንጂ ተማሪው ዘንድ መድረሱን አይናገርም፤ ይህን ከጠያቂዋ አንደበት ከመስማቴ በፊት ለዓመታት በየሩብ ዓመቱ ስጽፈው ኖሬ አንድም ቀን አላሰብሁበትም። ለኅብረት ተወካዮችና ለጋዜጠኞች ከምሰጠው ምክር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፦ ለተማሪ ድጋፍ ስለተገዛ ዕቃ ስትጠይቁ የክፍያውን ሰነድ ሳይሆን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የተቆረጡበትን ቀን ጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ብዙ ያስረዳችኋል።

ሌላው ችግር ገንዘቡ የራሱ ስም አልነበረውም። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች፣ ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርትና ለችግረኛ ተማሪዎች የሚወጣው ሁሉ በፕሮግራም በጀታችን ውስጥ ከልዩ ልዩ አቅርቦትና አገልግሎት ጋር ተደባልቆ ነበር የተቀመጠው። አይቤክስ በሚባለው የሒሳብ ሥርዓት የምናወጣው ሪፖርት የሚያሳየው የወጪ መደቡን ነው፤ ወጪው ለማን እንደሆነ ለማወቅ የክፍያ ሰነዶቹን አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል። በአዳራሹ ውስጥ ያጣሁት ገጽ የጠፋው በቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፤ ቀድሞውኑ እንዲኖር የሚያስችል መስመር አልተበጀለትም ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲያሳድግ ግዴታ ይጥላል፤ መስመር ያልተበጀለትን ገንዘብ ግን ማደጉንም መቀነሱንም ማንም ሊለካው አይችልም።

ስለ ምግብ በጀት ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ በዩኒቨርሲቲ ግኝቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው እርሱ ነውና። በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ የሦስት ጊዜ ምግብ የሚያዘው በቀን 22 ብር ነበር። በአሥር ወር ሲሰላ ለአንድ ተማሪ 6,600 ብር፣ ለአሥር ሺህ ተማሪ ደግሞ 66 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ሽንኩርትና ጤፍ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ግን ከት ብሎ ይስቅበታል። ልዩነቱን ለመሙላት ከሌላ ርዕስ ይዛወራል፣ ወይም የአቅራቢዎች ዕዳ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ ኦዲተሩም ሲመጣ «ከተደለደለው በጀት በላይ ወጪ የተደረገ» ብሎ ይመዘግባል። ግኝቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ተመኑን የወሰነው ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ጥያቄውም መቅረብ የነበረበት ወጪው ከተፈጸመ በኋላ ለእኛ ሳይሆን በጀቱ ሲደለደል ለወሰኑት ነበር። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ ወደ 100 ብር ከፍ መደረጉ በራሱ የቀድሞው ቁጥር ምን ያህል ከእውነታው ርቆ እንደነበር ያሳያል።

በእኛ ጥፋት የመጣው ግኝት ግን ሌላ ነበር። ካፌ ከመብላት ይልቅ ገንዘቡን በእጃቸው የሚወስዱ፣ ኖን ካፌ የሚባሉ ተማሪዎች አሉ። የሚከፈላቸው ሬጅስትራር በሚልከው ስም ዝርዝር መሠረት ሲሆን፣ ዝርዝሩ የሚታደሰው በሴሚስተር አንድ ጊዜ ነበር። በመካከል ትምህርት ያቋረጠ ወይም የተባረረ ተማሪ ስሙ በመክፈያው ላይ ይቆያል፤ በዚህ መንገድ የተከፈለው ገንዘብ «ላልተመዘገቡ ተማሪዎች የተከፈለ» ሆኖ ተመዘገበብን። ማስተካከያው አንድ ደብዳቤ ነበር፦ ሬጅስትራር ወሩ ከመዘጋቱ አምስት ቀን በፊት የለቀቁትን ዝርዝር ካልላከ ክፍያ እንደማይፈጸም የሚገልጽ። ደብዳቤው ሲወጣ ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ጸጥ አለ።

ከምግቡ ጋር ኮስት ሼሪንግ ይከተላል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ በከፊል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየከፈለ እንዲመልስ ያደርጋል። ስለዚህ የምግብ ተመን ሲያድግ የተማሪውም ዕዳ አብሮ ሊያድግ እንደሚችል መርሳት አይገባም፤ የተመን ጭማሪው ዜና በወጣ ጊዜ ይህን ያነሣ ሰው አልገጠመኝም። በእኛ ቤት የተገኘው ጉድለት የአንዳንድ ዓመታት የውል ቅጾች ከተማሪው ማኅደር መጥፋታቸው ነው። ቅጽ ከሌለ ገንዘቡን የሚሰበስበው አካል የሚይዘው ማስረጃ የለም፤ ተማሪውም ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊወስድ ሲመጣ ስንት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ያጣል። ተማሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ በየዓመቱ የምትፈርሙትን ቅጽ ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ።

ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያየው መቼ እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ራሱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የዚያን ሁሉ መሥሪያ ቤት በጀት በጥቂት ሳምንታት ይመረምራል ማለት ነው። ጠቅላላው ቁጥር በ2016 ዓ.ም. 801.65 ቢሊዮን፣ በ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር፤ በዚህ ክምር ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ በሰኔ ወር ጎልቶ ይታያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አንድ መስመር እንዲለይ ወይም ተመን እንዲስተካከል የሚፈልግ ሰው መናገር ያለበት ዩኒቨርሲቲው የራሱን ጥያቄ በሚያዘጋጅበት የበጋ ወራት፣ በሴኔትና በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ነው።

የተማሪ ቁጥርንም ተጠንቀቁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ማለፊያ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው የሁላችንንም ቅበላ ገለባበጠው። ማለፊያ ሳያገኙ በማካካሻ ትምህርት የሚገቡት የሪሚዲያል ተማሪዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ እንደገና ተለወጠ። በጀቱን የጠየቅነው በአንድ ቁጥር፣ ያስተማርነው በሌላ፣ ሪፖርት ያደረግነው በሦስተኛ ቁጥር ሆነና፣ የነፍስ ወከፍ ወጪያችንን ለማስላት የሞከረ አንድ ኦዲተር ሦስት የተለያየ መልስ አገኘ። አሁን በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ግርጌ የተማሪው ቁጥር የተወሰደበትን ቀን እንጽፋለን።

የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አባላት ለመስክ ምልከታ ሲመጡ ደግሞ የግቢው ድንጋይና የዛፉ ግንድ ኖራ ይቀባል፤ እንግዶቹም አዲሱን ሕንፃና ቤተ ሙከራውን ጎብኝተው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ የኅብረቱ ተወካይ የሆነች ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ጽፋ ለአባላቱ ሰጠች፦ የጠየቅነው፣ የተጠየቀበት ቀን፣ የደረሰን፣ የደረሰበት ቀን። ሮሮ የለበትም፣ ስድብ የለበትም። አባላቱ ከሕንፃው ጉብኝት በፊት የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ረጅም የአቤቱታ ጽሑፍ ይዘው የቀረቡ ሌሎች ተማሪዎችም ነበሩ፤ ጽሑፉ ከፋይል ጋር ታስሮ ሄደ።

ከስብሰባው በኋላ በኮሚቴው ትእዛዝ የድርጊት መርሐ ግብር አስገባን። በሚቀጥለው በጀት ውስጥ የተማሪዎች ድጋፍ ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ ሦስት ዝርዝር ሥራዎች ተለዩለት። የግዥ ጥያቄ ከነመግለጫው በነሐሴ እንዲገባ አደረግን፤ የድምፅ መቅጃዎቹ ሞዴል 22 በኅዳር 9 ተቆረጠ፣ የተረከቡት ተማሪዎችም በጣት አሻራና በፊርማ የተቀበሉበት ዝርዝር ከሪፖርቱ ጋር ተያያዘ። በዝርዝሩ መጨረሻ «ያልደረሳቸው» የሚል ዓምድ እንዲጨመር የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የቅርብ ኃላፊዬ በራሳችን ላይ ግኝት መጻፍ ነው ብለው ሊሰርዙት ፈልገው ነበር፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ግን ዓምዱ ሳይሰረዝ ቀረ። በዓምዱ ላይ ስድስት ስም ነበር፤ የክትትል ሪፖርቱን ያየው የኮሚቴው ባለሙያ ስልክ ደውሎ የጠየቀውም ስለ ስድስቱ ብቻ ነው። ዘግይተው የተመዘገቡ የሪሚዲያል ተማሪዎች ነበሩ፤ መቅጃው የደረሳቸው በየካቲት ነው።